ትንሽ የምትመስለው ንግድ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የእርሻ ክበብ አባል ያደረገው ንግግር)





በእንዲህ ያለው ታላቅ በዓል ስለ ታላላቅ ነገሮች መናገር የተለመደ ነው። የኔ ንግግር ግን ስለ ዕንቁላል ነው። ይህን ስል ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ይሁን እንጂ በብዙ ቤት የከብትና የእህል ሽያጭ የአባት ጉዳይ ሲሆን፤ የዕንቁላል ገንዘብ የእናት ነው። ጨው፤ ቡና፤ ሳሙና፤ የልጅ ደብተርና እርሳስ የሚገዛው ከዚሁ ገንዘብ ነው። ስለዚህ የዕንቁላል ንግድ ተሻሻለ ማለት የእናቶቻችን እጅ በረታ ማለት ነው።

በመጀመሪያ ዶሮዋ የምትሰጠውን እንወቅ። እየጫረች የምትኖረው የሀገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ያህል ነው። ይህ የሆነው በስንፍናዋ አይደለም። ከ12 እስከ 15 ያህል ከጣለች በኋላ መታቀፍ ትፈልጋለች፤ 21 ቀን ትታቀፋለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን ስታሳድግ መጣሏን ታቆማለች። ይህችው ዶሮ በሽታንና ረኃብን ትችላለች፤ ምግቧንም ራሷ ትፈልጋለች። የጅማና የዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በ1940ዎቹ ዓ.ም. እንደ ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ ያሉትን የውጭ ዘሮች ወደ ሀገራችን ካስገቡ ወዲህ ግን ሌላ ምርጫ አለን። ዛሬ ያሉት ምርጥ ጣዮች በደንብ ከተያዙ በዓመት ከ250 በላይ ይጥላሉ፤ ነገር ግን መኖ ካልተሰጣቸው ይህን አይሰጡም።

እዚህ ላይ ሂሳብ ያስፈልጋል። 12 ምርጥ ዶሮዎች አሉን እንበል። እያንዳንዷ በቀን 110 ግራም መኖ ብትበላ፤ በ30 ቀን ወደ 40 ኪሎ ይሆናል። በየቀኑ 8 ዕንቁላል ቢገኝ በወሩ 240 ነው። የ40 ኪሎውን መኖ ዋጋ ለ240 ብናካፍል፤ አንድ ዕንቁላል የበላውን መኖ ዋጋ እናገኛለን። በዚያ ላይ የዶሮዋን መግዣ፤ የክትባቱንና የጭዱን ወጪ እንጨምር። ከዚህ በታች የሚሸጥ ሰው ነገደ አይባልም፤ ለገዢው መጸወተ እንጂ። ሂሳቡን ለመያዝ አንድ ደብተር ይበቃል፤ በየማታው የተለቀመውን፤ የተሰበረውን፤ የተሸጠውንና የተበላውን መጻፍ የኛ የተማሪዎቹ ሥራ ይሁን። እናቶቻችን ደብተር ገዝተውልናል፤ አንዱን ለነርሱ ብንጽፍበት ምን ይጎዳናል?

ሁለተኛው ነገር የዕንቁላሉ ትኩስነት ነው። ቅርፊቱ ድፍን ይመስላል እንጂ ዓይን የማያያቸው ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። በነዚህ ቀዳዳዎች ውሃው ቀስ በቀስ ሲተን፤ በወፍራሙ ጫፍ ያለው የአየር ክፍል ይሰፋል። ስለዚህ ዕንቁላል በውሃ ውስጥ ሲገባ ትኩሱ ከታች ይተኛል፤ የቆየው ይቆማል፤ እጅግ የሰነበተው ይንሳፈፋል። ዕንቁላልን በቀን ሁለት ጊዜ መልቀም፤ ቀጭኑን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቃዛ ስፍራ ማስቀመጥና የተጣለበትን ቀን በእርሳስ መጻፍ ተገቢ ነው። የመጣያው ሳጥን በደረቅ ጭድ ከተነጠፈ ዕንቁላሉ ንጹሕ ሆኖ ይገኛል፤ ማጠብም አያስፈልግም። ለመብል ብቻ የሚሸጥ ሰው አውራ ዶሮ አያስፈልገውም፤ ዶሮዎቹ ያለ አውራ ይጥላሉ፤ ዕንቁላሉም በሙቀት ጊዜ ሽል ስለማይጀምር የተሻለ ይቆያል።

ሦስተኛው ነገር ጊዜን ማወቅ ነው። ለእንቁጣጣሽ፤ ለገናና ለፋሲካ ገዢው ይሻማል። በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ግን ክርስቲያኑ ዕንቁላል ስለማይበላ በብዙ ገበያ ዋጋው ይወድቃል። በዚህ ጊዜ የቸኮለ ሰው ያገኘውን ይዞ ይሸጣል። ብልኅ ሰው ግን ትኩሱንና አውራ ያለበትን መርጦ የሀገር ዶሮ ያሳቅፋል። ወቅቱ በጋ በመሆኑ ጫጩቶቹ ከክረምቱ ብርድና ጭቃ ያመልጣሉ፤ ኮርማዎቹም ለገና ገበያ ይደርሳሉ። ከዚህም በቀር በየቤቱ፤ በሻይ ቤቱና በሱቁ ቋሚ ደንበኛ ያለው ሰው በገበያ ቀን በአንድ ነጋዴ ዋጋ አይታሰርም።

አራተኛው ነገር ፈንግል ነው። ይህ በሽታ የገባበት ቤት ማታ 20 ዶሮ ቆጥሮ በጥቂት ቀን ውስጥ ቆጡን ባዶ ሊያገኘው ይችላል። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። ክትባቱም በሀገራችን፤ በቢሾፍቱ ይሠራል። መከተብ የሚገባው ዶሮዎቹ ጤነኛ ሳሉ ነው። አንድ ሰው ለብቻው የሚያስከትብ ከሆነ ችግር አለ፤ መድኃኒቱ በአንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሆኖ ስለሚመጣ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ተስማምቶ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ወጪው ይቀላል። ከገበያ የመጣችን ዶሮም ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ማቆየት ሌሎቹን ያድናል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ልናገር። የውጭ ዘር ዕንቁላል ከሀበሻ ዕንቁላል ጋር ቀላቅሎ በሀበሻ ዋጋ የሚሸጥ ሰው አለ። የሰነበተውን ከትኩሱ በታች የሚደብቅም አይጠፋም። ገዢዋ ወደ ቤቷ ሄዳ ስትሰብረው እውነቱ ይወጣል፤ በሌላው ቀን ደጃችንን አልፋ ትሄዳለች። ዕንቁላል የሻጩ ጠባይ ተሰብሮ የሚታይበት ዕቃ ነው።

ደግሞም ገንዘቡን ስንቆጥር ልጆቹን አንርሳ። በጓዳው ዕንቁላል ሞልቶ ሳለ ታናሽ እኅታችን ደረቅ እንጀራ የምትበላ ከሆነ ምን አተረፍን? ዕንቁላል አካል የሚገነባ ምግብ ነው፤ በተለይም ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ሴት። ከላይ ከቆጠርነው 240 ውስጥ በቀን ሁለት ለቤት ብናስቀር በወር 60 ነው፤ ለሽያጭም 180 ይቀራል፤ ይኸውም 30፣ 30 የሚይዝ ስድስት ትሪ ነው። እኔ የምለው፤ የቤቱ ድርሻ አስቀድሞ ይነሣ፤ ገበያው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እውነት ነው፤ ሆኖም በእግሩ የሚሄደው የታቀፈው፤ የተጠበቀውና ከበሽታ የዳነው ነው። ወላጆቻችን በዚህ ዓይነት ጥበቃ እኛን እዚህ አድርሰውናል። የቀረው የኛ ፈንታ ነው፤ በመጪው ሳምንት እያንዳንዳችን በቤታችን አንድ የዕንቁላል ደብተር እንክፈት።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።