ሞተር በሐይቅ ላይ ሲጠፋ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በመንገድ ላይ ሞተሩ የጠፋበት ሾፌር መኪናውን ዳር ያስይዛል፤ ከጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባል፤ ከዚያም ኮፈኑን ከፍቶ ይመረምራል። በውሃ ላይ ግን ዳርም ድንጋይም የለም። ሞተሩ የጠፋበት ጀልባ በነፋስ ፈቃድ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜም ዞሮ ጎኑን ለማዕበል ይሰጣል፤ የመገልበጥ አደጋውም የሚበረታው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ስለ ጀልባ ሞተር ብልሽት ስናገር ከካንዴላ ሳይሆን ከመልህቅ ብጀምር አትታዘቡኝ።

ጣናን እንውሰድ። ርዝመቱ ከ80 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 15 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ 70 ወይም 80 ሜትር ገመድ ያለው መልህቅ በሐይቁ በየትኛውም ስፍራ ከመሬቱ ይደርሳል። ከ250 ሜትር በላይ ለሚጠልቀው ለሻላ ይህ አይሠራም። ከፊት ጫፉ መልህቅ የተጣለለት ጀልባ ፊቱን ወደ ነፋሱ ይመልሳል፤ ማዕበሉንም ይሰነጥቃል። ከቀትር በኋላ ነፋስ በሚነሣበት ሐይቅ ላይ፣ ወደ ዘጌ ወይም ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ተሳላሚ የሚያሻግር ጀልባ ያለ መልህቅና ያለ መቅዘፊያ መነሣቱ በእኔ አስተያየት ያለ ሞተር ከመነሣት ይከፋል፤ ደንገል ታንኳ እንኳ መቅዘፊያ አለውና።

ጀልባው ከረጋ በኋላ ወደ ሞተሩ እንመለስ። ሞተሩን ከመፍታት በፊት እንዴት እንደ ጠፋ ማስታወስ ይገባል። እየተንተፋተፈና እየደከመ ከሆነ የጠፋው፣ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የነዳጅ ነው፤ የታንከሩ አየር ማስገቢያ ተዘግቶ፣ ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበት ወይም ፊልትሮው ተደፍኖ ይሆናል። እንደ ተቆረጠ ክር በድንገት ጸጥ ካለ ግን ኤሌክትሪኩ ይጠረጠራል፤ ከሁሉ አስቀድሞ ከነጂው ጋር የሚታሰረው የማቆሚያ ገመድ ወልቆ እንደ ሆነ ይታይ። ይህን ሳያይ ካንዴላ ለመፍታት የሚቸኩል አይጠፋም።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ የአየሩም ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው አራት አምስተኛው ብቻ ነው። ለጠረፍ ተስተካክሎ የመጣ ባለ ካርቡራቶር ሞተር እዚህ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ በተለይ ባለ ሁለት ምት የሆነው በዝግታ ረጅም መንገድ ከሄደ ካንዴላው ጥላሸት ይለብስና ይታፈናል። ካንዴላ እየለዋወጡ መኖር መድኃኒቱ አይደለም፤ መለወጥ የሚገባው በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚኑን መጥኖ የሚያሳልፈው ባለ ቀዳዳ ቁራጭ ነው። ባለ ኢንጄክሽን የሆኑት አዳዲሶቹ ሞተሮች ድብልቁን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ በከፍታው ምክንያት የቀነሰውን ኃይል ግን አይመልሱም። ገዢው በካታሎጉ ላይ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበት አምኖ ሰው እንዳይጭን ልንነግረው የሚገባን እኛ ነን።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ በጣና የታወቀው እምቦጭ ደግሞ ሌላ ጣጣ አምጥቷል። ሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃውን ከሐይቁ ስለሚስብ፣ አረም ወይም ፌስታል መሳቢያውን ሲደፍነው ከሞተሩ ወደ ውጭ የሚፈሰው ቀጭን ውሃ ይቋረጣል። ወደዚያ ዘወር እያለ የሚመለከት ነጂ ሞተሩን ሳይቃጠል ያጠፋዋል።

አረም ለመዝናኛ የሚውለውን ጄት ስኪም ይበልጥ ይጎዳዋል። ጄት ስኪ ውሃን ከሥሩ ስቦ በኋላው በመትፋት ይሄዳል፤ የሚታጠፈውም በዚያው በሚተፋው ውሃ ነው። ስለዚህ ሞተሩ ከጠፋ መሪውን ቢጠመዝዙት አይታዘዝም፤ ከፊቱ ጀልባ አይቶ በድንጋጤ ነዳጁን የለቀቀ ነጂም በቀጥታ ይገጨዋል። ሞተሩ እየጮኸ አልሄድ ካለ መሳቢያው አረም ይዞ ይሆናል፤ እጅ የሚገባው ግን ሞተሩ ጠፍቶ የማቆሚያው ገመድ ከተነቀለ በኋላ ብቻ ነው። ካልተነሣ ነጂው ከላዩ ሳይለይ ርዳታ ይጠብቅ፤ ለመዋኘት አይሞክር። ጎታቹም በዝግታ ይጎትተው፤ ሞተሩ ጠፍቶ በፍጥነት ሲጎተት ውሃ በማቀዝቀዣው መስመር ተገፍቶ እስከ ሲሊንደሩ ሊደርስ ይችላልና።