ዝክረ እናት፦ ከግሸን መንገድ የመጣ አደራ

(በላንቻ ለአካባቢው አጥቢያ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶቻችን ካህናት፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ እናቶቻችንና እኅቶቻችን፤

ዛሬ የምንዘክራቸው እናት ወይዘሮ አበበች ጎበና ናቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በ85 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ሲያርፉ፣ «እናቴ» ብሎ ያለቀሰላቸው ብዙው ልጅ ከማሕፀናቸው የወጣ አልነበረም።

እኒህ እናት በ1928 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ሸበል አቦ በተባለች የገጠር መንደር ተወለዱ። በዚያው ዓመት አባታቸው በጣልያን ወረራ ስለ ወደቁ በአያቶቻቸው እጅ አደጉ። በአሥር ዓመታቸው ያለ ፈቃዳቸው ቢዳሩም ሸሽተው አዲስ አበባ ገቡ፤ ጥቂት ተምረውም በአንድ የቡናና የእህል ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኑ። የወላጅ ማጣትን ምንነት ከማንም አልሰሙትም፤ ኖረውበታል።

እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ተጓዙ። አገሩን ረኀብ መትቶት ነበር። በዚያም በሞተች እናት ጡት ላይ ያለ ሕፃን አዩ። በእጃቸው የነበረውን ጥቂት ዳቦና ጠበል ለተራቡት አካፍለው፣ ያንን ሕፃንና ሌላ አንድ ልጅ ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዓመቱ ሳይፈጸም በቤታቸው የተጠጉት ልጆች 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ይህን አልተቀበሉትም፤ ዘመድም ተቃወመ። ወይዘሮ አበበች ግን ትዳራቸውንና የተደላደለ ኑሯቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ።

አባቶቻችን ሆይ፣ እኛ ልናስተውለው የሚገባን ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። የወደቀ ሕፃን ማንሣት የአንድ ቀን ርኅራኄ ነው፤ ማሳደግ ግን በየማለዳው ምግብ፣ ልብስና ደብተር ይጠይቃል። እርሳቸው ምግብ አዘጋጅተው እየሸጡ ልጆቹን አኖሩ። በስማቸው የተመሠረተው ማኅበርም ልጆችን ከማሳደግ አልፎ ወደ ትምህርት፣ ወደ ሙያ ሥልጠናና ወደ ሴቶች የገቢ ማስገኛ ሥራ ሰፋ። ሐዋርያው ያዕቆብ ንጹሕ አምልኮን ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና መበለቶችን በችግራቸው ከመጠየቅ ጋር አያይዞ ያስተማረው ትምህርት በእኒህ እናት ሥራ ሆኖ ታየ።

ከላንቻ እስከ ካዛንቺስ ባሉት አጥቢያዎቻችን በአያት ወይም በአክስት እጅ የሚያድጉ ልጆች አሉ። ቀድሞ ጎረቤት፣ ዕድርና ሰንበቴ ጓዳቸውን ያውቁት ነበር። አሁን ግን ሰፈሩ በመልሶ ማልማት ሲነሣ ነዋሪው ወደ ልዩ ልዩ አካባቢ ይዛወራል፤ ዕድሩ ይበተናል፤ አሮጊቷና የልጅ ልጃቸው ማንም ወደማያውቃቸው ሰፈር ይሄዳሉ። ስማቸው በሰበካችን መዝገብ ቢኖርም በራቸውን የሚያንኳኳ አይኖርም።

ስለዚህ የወይዘሮ አበበችን መታሰቢያ በሥራ እንድናደርገው እናሳስባለን። እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ከመጪው ስብሰባው በፊት እነዚህን ቤተሰቦች ይመዝግብ፤ ለእያንዳንዱም ቤት በስም የሚታወቅ አንድ ተጠያቂ አባል ይመድብ። ቤተሰቡ ከተዛወረ ለአዲሱ አጥቢያ ደብዳቤ ይጻፍ፤ የንስሐ አባትም እስኪደርሱ ይከታተሉ። እናት ስታርፍ ጸሎተ ፍትሐቱና መታሰቢያው እንደ ሥርዓቱ ይፈጸም፤ ለድግሱ ከሚወጣው ላይ ግን ለአንድ ልጅ የትምህርት ወጪ የሚሆን እንዲቀነስ ካህናት አባቶቻችን ቤተሰቡን ይምከሩ። ድጋፋችንም በስንዴና በዘይት ሳይወሰን፣ አሳዳጊዋ ራሷ ሠርታ የምታድርበትን መንገድ ይጨምር።

ይህን ለመጀመር የውጭ ርዳታ መጠበቅ አያስፈልገንም። ወይዘሮ አበበች ሲጀምሩ የነበራቸው ጥቂት ዳቦና ጠበል ነበር፤ እኛ ግን ካህናት፣ ሰንበቴ፣ የጽዋ ማኅበርና መዝገብ አለን።

የእናታችንን ነፍስ ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያኑርልን፤ እኛንም ለአደራቸው የበቃን ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።