የሞተር ቫልቭ ስለሚበላሽበት ምክንያትና ስለሚያስከትለው ጉዳት

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



መኪና ያለው ሰው ሁሉ የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥበት ይደነግጣል። ከሞተሩ ራስጌ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ የሰማ እንደ ሆነ ወደ ጋራዥ ይገሠግሣል፤ መካኒኩም ቫልቩን ጠበቅ አድርጎ ድምፁን ሲያጠፋለት ከፍሎና አመስግኖ ይመለሳል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ሞተር የሚገድለው ዝም እንዲል የተደረገው ቫልቭ ነው። የዛሬው ንግግሬም ይህ የሚሆንበትን ምክንያት ለመግለጽ ነው።

ቫልቭ የሞተር በር ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ቢያንስ ሁለት በሮች አሉት፤ በአንደኛው አየር ይገባል፤ በሁለተኛው የተቃጠለው ጋዝ ይወጣል። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ በር በሴኮንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፤ 25 ጊዜም ይዘጋል። ከሁሉ የሚከብደው የመውጫው በር ሥራ ነው፤ እሳት ስለሚያልፍበት ሙቀቱ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል። ታዲያ ሳይቃጠል እንዴት ይኖራል ቢባል፣ በተዘጋ ቁጥር ከመቀመጫው ጋራ ገጥሞ አብዛኛውን ሙቀቱን ለቴስታታው ስለሚያስረክብ ነው። ዕረፍቱ ያች ቅጽበት ብቻ ናት።

ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ስለዚህ በቫልቩ ዘንግ ጫፍና በሚገፋው ክንድ መካከል ጥቂት ክፍተት ይተዋል። «ቮልስ» እያልን በምንጠራው በአሮጌው ቮልስዋገን ሞተር ይህ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሁለት ቅጠል ወረቀት ውፍረት አይበልጥም። ክፍተቱ ቢሰፋ ቫልቩ ይጮኻል፤ ጉልበትም ይቀንሳል። ቢጠብ ግን ዘንጉ በሙቀት ሲረዝም በሩ ደኅና አድርጎ መዘጋት ይሳነዋል፤ ሙቀቱንም የሚያስረክብበት ያጣል። እሳቱ በዚያች ቀዳዳ እየሾለከ ጠርዙን ይበላዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሚሰማ ነገር የለም።

ክፍተቱ መካኒክ ሳይነካውም ይጠብባል፤ መቀመጫው እየተበላ ቫልቩ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ የዘንጉ ጫፍ ወደ ክንዱ ይጠጋልና። ቀድሞ በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ መቀመጫውን ከዚህ ይጠብቀው ነበር። እርሳስ ለሰው፣ ይልቁንም ለሕፃናት አእምሮ መርዝ በመሆኑ ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እስከ 2006 መግቢያ ድረስ ከቤንዚን አስወጥተውታል፤ መልካም አደረጉ። ሆኖም መቀመጫቸው ጠንካራ ቀለበት ሳይገባለት በራሱ በቴስታታው ብረት ላይ የተቀረጸ አሮጌ ሞተሮች ክፍተታቸው ቶሎ ቶሎ ሊለካ ይገባል። በቮልስ ደግሞ ሦስተኛው ሲሊንደር የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ተደቅኖ ነፋስ ስለሚያስቀርበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቅ ነበር፤ ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ከዚያ ያነሣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1971 ሞዴል ነው።

የቫልቭን መቃጠል ለመጠርጠር ሞተር መፍታት አያስፈልግም። መኪናውን አስነሥቶ ሳያሽከረክሩ ቁራጭ ወረቀት በጢስ መውጫው አፍ ላይ መያዝ ነው። ወረቀቱ ወደ ውጭ ብቻ ቢገፋ ደግ፤ በየጊዜው ወደ ውስጥ የሚሳብ ከሆነ ግን በሩ የማይዘጋ ሲሊንደር መኖሩን መጠርጠር ይገባል።

እስካሁን የተናገርኩት ቀስ በቀስ ስለሚመጣው ጥፋት ነው። በአንድ ቅጽበት የሚደርስም አለ፤ ይኸውም በቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር የበለጠ ዝቅታ አለው። የጭነት መኪና ነጂ በዚያ ሲወርድ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሹን ከልክ በላይ ቢቀንስ፣ ሞተሩን የሚያዞረው ነዳጁ መሆኑ ቀርቶ ጎማው ይሆናል። ፍጥነት የሚወስነው መሣሪያ ነዳጅ ከመቀነስ በቀር ሌላ ሥልጣን ስለሌለው አያግደውም። ያን ጊዜ ሞላው ቫልቩን በጊዜው መመለስ ያቅተዋል፤ ወደ ላይ የሚመጣው ፒስተንም ገና ያልተዘጋውን ቫልቭ ይመታዋል። ቫልቩ ይጣመማል፤ ወይም ራሱ ተቆርጦ ሲሊንደር ውስጥ ይወድቅና ፒስተኑን ይሰብራል። ሞተሩ ሲቆም ለፍሬን አየር የሚሞላው መሣሪያ አብሮ ይቆማል። ያን ሁሉ ጭነት ተሸክሞ፣ ገደል አፋፍ ላይ፣ ለነጂው የሚቀርለት በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው አየር ብቻ ነው። የመውረጃው ማርሽ መመረጥ ያለበት እዚያው ጎሐ ጽዮን ላይ፣ መንገዱ ማዘንበል ሳይጀምር ነው።