ስለ አሮጌዋ ጀልባችን የኋላ ሳንቃ

(በሐርላ ለተሰበሰቡ የአገልግሎታችን ደጋፊዎች የተደረገ ንግግር)



ሐርላ ላይ ቆመን ስለ ጀልባ እንናገራለን ስንል አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። እውነት ነው፤ እዚህ ሐይቅ የለም፤ ወንዙም በበጋ አሸዋ ብቻ ነው። ነገር ግን ይህ መሬት የጀልባን ዋጋ ከብዙዎቻችን ይልቅ ያውቃል። በሰኔ 2009 ዓ.ም. የአርኪኦሎጂ ተመራማሪዎች ይፋ እንዳደረጉት፣ እዚህ በእግራችን ሥር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራ መስጊድ፣ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጣም የዕቃ ስብርባሪ ተገኝቷል። ያ ሁሉ ዕቃ ባሕሩን በእንጨት ጀልባ ተሻግሮ፣ ከወደቡ ወዲህ በግመል ተጭኖ የመጣ ነው።

ውኃ ምን ሊያደርግ እንደሚችልም ለድሬዳዋ ሰው አይነገርም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ወሰደ። በነሐሴ ደግሞ የኦሞ ወንዝ በዳሰነች አገር ከ300 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፤ በውኃ የተከበቡትን ለማውጣት ጀልባና ሄሊኮፕተር ተፈለገ። በዚያው ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራን አጥለቀለቁ፤ በደምቢያም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። ዛሬ የምንነግራችሁ ጀልባ የምትሠራው እዚያ በጣና ዳር ነው። በደህናው ጊዜ ሕሙማንን ከደሴት ወደ የብስ ታሻግራለች፤ በክረምት ደግሞ መንገዱ በውኃ ሲቆረጥ እርሷ መንገድ ትሆናለች።

ጀልባዋ ወደ እኛ የመጣችው ሌላ ሰው ከተገለገለባት በኋላ ነው። አካሏ ፋይበርግላስ ነው። ከጀርባዋ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሞተሩ የሚታሰርበት ግድግዳ አላት፤ እኛ የኋላ ሳንቃ እንለዋለን። ከውጭና ከውስጥ ፋይበርግላስ ለብሷል፤ መካከሉ ግን እንጨት ነው፤ ሁለት የኮምፔርሳቶ ንጣፎች ተጣብቀው 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወፍራሉ። ሞተሩ ጀልባዋን የሚገፋት በዚህ ሳንቃ በኩል ብቻ ነው። እርሱ ከለቀቀ ሞተሩ ወደ ውኃ ይገባል፤ በተከፈተው ጀርባ ውኃው ወደ ተሳፋሪው ይገባል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 ጳውሎስ የተሳፈረባትን መርከብ ታስታውሳላችሁ። 276 ሰዎች ነበሩባት። ፊቷ ተተክሎ አልነቃነቅ ሲል ማዕበሉ የሰበረው ኋላዋን ነው። የዳኑትም አንዳንዶቹ በሳንቃ ላይ ተንሳፍፈው ነው። እኛ ግን ወላድና ሕፃን በሳንቃ ተንሳፍፈው እንዲደርሱ አንፈልግም።

ታዲያ ፋይበርግላስ የለበሰ እንጨት እንዴት ይበሰብሳል? በቀዳዳ ነው። የቀድሞው ባለቤት መሰላል ለመስቀል፣ ገመድ ለማሰር፣ መብራት ለመትከል እያለ በየጊዜው በስቶ ቪቴ አስገብቶበታል፤ ቀዳዳውን ግን በምንም አልደፈነውም። በእያንዳንዷ ቀዳዳ ውኃ ጠብ ጠብ ሲል ዓመታት አለፉ። ጨው ያለበት የባሕር ውኃ አብስባሹን ሻጋታ ያዳክመዋል፤ የጣናና የዝናብ ውኃ ግን ጨው ስለሌለው እንጨቱን ያለ ከልካይ ይበላዋል። የፋይበርግላሱ ልባስ ደግሞ የገባው እርጥበት እንዳይወጣ ያፍነዋል። የጣና ባለ ታንኳ ደንገሉ ውኃ እንደሚጠጣ ስለሚያውቅ ከሐይቁ ሲወጣ ታንኳውን በፀሐይ ያደርቃታል። የፋይበርግላስ ባለቤት ግን የሚያብረቀርቀውን ቀለም አይቶ ይተኛል። በዚህ ነገር ባለ ታንኳው ይበልጠናል ብንል ማጋነን አይደለም።

ምልክቱን ያየው አናጢያችን ነው። ሳንቃውን በመዶሻ እጀታ ሲመታው ደህናው ቦታ ጠንከር ያለ ድምፅ ሰጠ፤ ከሞተሩ ሥር ያለው ግን እንደ ጆንያ ድፍን አለ። አንዱን ቪቴ ሲፈታው ቡናማ ውኃ ተከተለው። ያን ቀን ጀልባዋ ከውኃ ወጣች።

ከእናንተ መካከል፣ «ለአሮጌ ጀልባ ገንዘብ ከማፍሰስ ለምን አዲስ አይገዛም?» ብላችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የምታዋጡት በጸሎትና በላብ የተገኘ ገንዘብ ነውና። የወለሉና የጎድኖቹ እንጨትም በስብሶ ቢሆን ኖሮ እኛው ራሳችን «ተዉአት» እንል ነበር። ነገር ግን ሁሉንም መትተን ፈተንነው፤ ደህና ነው። የሞተው አንድ ሳንቃ ነው። ደህና አካል ያላትን ጀልባ በአንድ ሳንቃ ምክንያት መጣል ብክነት ይመስለናል።

ሥራው እንዲህ ነው። ሞተሩ ይወርዳል፤ ከማውረዳችን በፊት ግን የሳንቃውን ቁመት ለካን፤ እግረ ረጅም ሞተር 51 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ እግረ አጭሩ 38 ያህል ይፈልጋልና፣ ቁመቱ ከተዛባ ፕሮፔለሩ ወይ አየር ይቀዝፋል ወይ ከመጠን በላይ ይጠልቃል። ከዚያ የውስጡ ልባስ ዙሪያውን ጥቂት ጠርዝ እየተወ ይቆረጣል፤ የውጩ አይነካም። የበሰበሰው እንጨት እንደ እርጥብ ትምባሆ በእጅ ይወጣል፤ ያልበሰበሰው ግን መሮና ትዕግሥት ይጠይቃል። ባዶው ቦታ እስኪደርቅ ድረስ ቀናት ይጠበቃል። በእርጥብ ላይ አዲስ መለጠፍ ብስባሹን ማተም ነው።

የከበደን ኮምፔርሳቶ መምረጥ ነው። በገበያ የሚሸጠው አብዛኛው ለቁም ሣጥንና ለኮርኒስ የተሠራ ነው፤ ሙጫው ውኃ አይችልም። ስለዚህ ከየዓይነቱ ቁራጭ ወስደን በድስት ለሰዓታት ቀቀልን፣ አደረቅን፣ እንደገና ቀቀልን። (ክዳኑን ከፍተው እንጨት ያገኙት እናቶች እስካሁን ይስቁብናል።) ንብርብሩ የተላቀቀውን ለሌላ ሥራ ተውነው፤ ያልተላቀቀውን ወሰድን። ሁለቱ ንጣፎች በኢፖክሲ ይጣበቃሉ፤ ጠርዛቸውም ሳይቀር በኢፖክሲ ይጠጣል፤ ከዚያ ከውጩ ልባስ ጋር በወፍራም ኢፖክሲ ተለጥፈው በሞርሳ ይጠበቃሉ፤ ከውስጥ በኩል ደግሞ ፋይበርግላስ በንብርብር ይለብሳሉ። ኢፖክሲው ሲደባለቅ ራሱ ይሞቃል፤ እዚህ በእናንተ አገር ቀትር ከጣሳው ሳይወጣ ድንጋይ ይሆን ነበር። በጥቂት በጥቂቱ፣ በማለዳ ነው የሚሠራው።

የቀድሞውን ጥፋት ያመጡትን ቀዳዳዎች ደግሞ እንዲህ እናደርጋቸዋለን፦ ከብሎኑ አስፍተን እንበሳለን፣ ሙሉ በሙሉ በኢፖክሲ እንደፍናለን፣ ሲደርቅ በመካከሉ በብሎኑ ልክ እንደገና እንበሳለን። ብሎኑ እንጨት ሳይነካ ያልፋል። ኖኅም መርከቡን በቅጥራን እንዲለብጥ ሲታዘዝ ከውስጥም ከውጭም ነበር የተባለው፤ አንዱ ወገን ብቻውን እንደማይበቃ አናጢ ሁሉ ያውቀዋል።

ዛሬ ጀልባዋ በጣና ዳር በጥላ ሥር ናት። አዲሱ ሳንቃ ገብቷል፤ የውስጡ ልባስ ግን አላለቀም፤ ሞተሩም አልተሰቀለም። ሲሰቀል፣ ተሳፋሪ ከመጫኑ በፊት፣ አንድ ከባድ ሰው በሞተሩ እግር ላይ ቆሞ ይወዛወዛል፤ ሌላው ሳንቃው ይነቃነቅ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ያያል። የቀረን የፋይበርግላስ ጨርቅ፣ ጥቂት ጣሳ ኢፖክሲና የማይዝጉ ብሎኖች ናቸው፤ ርብና ጉማራ ሳይሞሉ ልናደርስ እንሮጣለን። በዚህ ልትረዱን የምትወዱ ከስብሰባው በኋላ ከበሩ አጠገብ ታገኙናላችሁ።