የዕዳ መዝገብና የሰው ስም

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ በመካከላችን አይገኝም። አባቶቻችን ይህን የተናገሩት የጽሑፍን ጥቅም ሊያስረዱን ነው። ነገር ግን ጽሑፍ እውነትን እንደሚያቆይ ሁሉ ስሕተትንም ያቆያል። በቃል የተወራ ሐሜት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይረሳል፤ በመዝገብ የገባ ስሕተት ግን የጻፈው ሰው ከሥራው ቢነሣ፣ ነገሩን የሚያውቁትም ቢበተኑ፣ በቦታው እንደ ተቀመጠ በባለ ስሙ ላይ ሲመሰክር ይኖራል። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሰዎች ይህን ከማንም ይልቅ እናውቃለን። በአንድ ሠራተኛ ፋይል ውስጥ ያለ አግባብ የገባች አንዲት ቁራጭ ማስታወሻ የደረጃ ዕድገቱን ስንት ዓመት ልትይዝበት እንደምትችል የማይረዳ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የለም።

ዛሬ የምናገረው ከዚሁ ወገን ስለ ሆነ ጉዳይ ነው። ይኸውም በብሪታንያ በሰው የብድር ታሪክ ላይ «ግዴታውን አፍርሷል፤ ዕዳውን አልከፈለም» ተብሎ የሚመዘገበው ቃል ምን ኀይል እንዳለው፣ ያለ አግባብ የተመዘገበ እንደ ሆነም ባለ ስሙ በምን መንገድ ሊከራከር እንደሚችል ለመግለጽ ነው። የብሪታንያን ሁኔታ የመረጥሁት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጉዳዩ በዚያ አገር እስከ ላይኛው ፍርድ ቤት ደርሶ ተፈትኗል። ሁለተኛ፣ በለንደንና በሌሎችም የብሪታንያ ከተሞች ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ይኖራሉ፤ በአገራችንም የብድር መረጃ መዝገብ ስለ ተቋቋመ ትምህርቱ ለእኛም ይተርፋል። ስለ ብሪታንያ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውሳለሁ።

በመጀመሪያ የመዝገቡን አሠራር እንመልከት። በብሪታንያ ኤክስፒሪያን፣ ኢክዊፋክስና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ታላላቅ የብድር መረጃ ድርጅቶች አሉ። ሥራቸው ባንኮች፣ የስልክ ኩባንያዎችና በዱቤ የሚሸጡ መደብሮች ስለ ደንበኞቻቸው የሚልኩላቸውን ቃል ተቀብሎ ማስቀመጥ፣ አበዳሪም ሲጠይቅ ማሳየት ነው። አንድ ሰው ለቤት መግዣ ብድር ሲጠይቅ፣ የስልክ ውል ሲዋዋል፣ ብዙ ጊዜም ቤት ሲከራይ ይህ መዝገብ ይታያል። ተበዳሪው ወርኃዊ ክፍያውን ሳይከፍል ከ3 እስከ 6 ወር የቆየ እንደ ሆነ፣ አበዳሪው «ግዴታውን አፍርሷል» ብሎ ለእነዚህ ድርጅቶች ያስታውቃል። በ1974 የወጣው የሸማቾች ብድር ሕግ በሚገዛቸው ውሎች ላይ፣ አበዳሪው በተበዳሪው ጥፋት ምክንያት ውሉን ከማቋረጡ በፊት ቢያንስ የ14 ቀን ጊዜ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መላክ አለበት።

ይህ ቃል አንድ ጊዜ ከተመዘገበ፣ ግዴታው ፈረሰ ከተባለበት ቀን አንሥቶ 6 ዓመት በመዝገቡ ይቆያል። ዕዳው ኋላ ቢከፈል እንኳ «ተከፍሏል» የሚል ቃል ይጨመርበታል እንጂ፣ ዘመኑ ሳይፈጸም አይፋቅም። እንግዲህ በእውነት ለተጻፈበት ሰው ቅጣቱ ይህን ያህል ከሆነ፣ በሐሰት ለተጻፈበት ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ጠቀስሁት ክርክር ልመለስ። በታኅሣሥ ወር 1998 በስኮትላንድ ውስጥ በአበርዲን ከተማ አንድ ሰው ከአንድ መደብር ላፕቶፕ ኮምፒዩተር ገዛ። ዋጋው 1,499 ፓውንድ ነበር፤ 50 ፓውንድ ቀብድ ከፈለ፤ ለቀረው ገንዘብ በዚያው በመደብሩ ውስጥ ከአንድ ባንክ ጋራ የብድር ውል ፈረመ። ሰውየው የፈለገው በስልክ መስመር መልእክት የሚያስተላልፈው ሞደም የሚባለው መሣሪያ በውስጡ የተገጠመለትን ነበር። ሻጩም የሌለው ሆኖ ከተገኘ መመለስ እንደሚቻል ነግሮት ነበር። ሰውየው ዕቃውን በቤቱ ቢከፍተው መሣሪያው አልተገኘበትም፤ በማግሥቱ ይዞ ወደ መደብሩ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ግን ዕቃውንም አልቀበልም፣ ቀብዱንም አልመልስም አለ። ሰውየው ዕቃውን እንዳልተቀበለና የብድሩም ውል እንደ ቀረ ለባንኩ አስታወቀ። ባንኩ ግን ነገሩን ሳይመረምር «ክፈል» አለው፤ ባለመክፈሉም ግዴታውን እንዳፈረሰ አድርጎ ስሙን ለብድር መረጃ ድርጅቶች አስተላለፈ።

ጉዳዩ በ2008 በአበርዲን ፍርድ ቤት ለሰውየው ተፈረደ፤ በ2010 በይግባኝ ተለወጠበት፤ በመጨረሻም ወደ ብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። መጋቢት 26 ቀን 2014 ሎርድ ሆጅ በሰጡት ፍርድ፣ ሰውየው የዕቃውን ግዢ በሕግ ስላፈረሰ የብድሩን ውልም ሊያፈርስ እንደሚችል ተወሰነ። ከዚህም የሚበልጠው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ደንበኛው ውሉ እንደ ቀረ ባስታወቀው ጊዜ፣ ባንኩ ይህ አባባል እውነት መሆን አለመሆኑን በሚገባ ሳያጣራ ስሙን ለመዝገብ ማስተላለፍ አልነበረበትም፤ የመጠንቀቅ ግዴታ ነበረበት ተባለ። በብድር ታማኝነቱ ላይ ስለ ደረሰው ጉዳት 8,000 ፓውንድ ካሣ ተፈረደለት፤ ከዚያ በላይ የጠየቀው ግን አልጸናለትም። ከግዢው እስከ መጨረሻው ፍርድ ከ15 ዓመት በላይ ዐለፈ።

ከዚህ ክርክር የምንረዳው ዋናው ነገር ይህ ነው፤ በመዝገብ የተጻፈው የአበዳሪው ምስክርነት ነው እንጂ የዳኛ ፍርድ አይደለም። ፍርድ ይግባኝ ይባልበታል፤ ምስክር ግን «ይህን በምን ዐወቅህ?» ተብሎ ይጠየቃል። ብዙ ሰዎች ግን ስማቸው በመጥፎ ተጽፎ ባዩ ጊዜ ነገሩ እንደ ተፈረደባቸው ቈጥረው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ወይም በስልክ ተቈጥተው ተናግረው ዝም ይላሉ። ሁለቱም አይጠቅምም። ለጽሑፍ መልሱ ጽሑፍ ነው።

እንግዲህ ክርክሩ በምን ሥርዐት ይካሄዳል? አስቀድሞ መዝገቡን ማየት ያስፈልጋል። ከ2018 ወዲህ በመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት ማንም ሰው በስሙ የተያዘውን ያለ ክፍያ ጠይቆ ማግኘት ይችላል። አንዱ አበዳሪ ለአንዱ ድርጅት ብቻ ቃሉን ሰጥቶ ሊሆን ስለሚችል ከሦስቱም ዘንድ መጠየቅ ይሻላል።

ቀጥሎ የክርክሩን ዐይነት መለየት ይገባል። «ዕዳው የእኔ አይደለም» ማለት አንድ ነገር ነው። «ዕዳው የእኔ ነበር፤ ነገር ግን ከፍያለሁ» ወይም «ውሉ ቀሪ ሆኗል» ማለት ሌላ ነው። «ዕዳው አለብኝ፤ ነገር ግን ልኩ ወይም ቀኑ ተሳስቷል» ማለትም ሦስተኛ ነው። ቀን ትንሽ ነገር አይምሰለን። 6 ዓመቱ የሚቈጠረው ከዚያ ቀን ስለ ሆነ፣ ቀኑ በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ከዘገየ ቅጣቱም በአንድ ዓመት ይረዝማል። አበዳሪው ዕዳውን ለሌላ ኩባንያ ቢሸጠውም አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ቀን መጠበቅ አለበት እንጂ እንደ ገና ከራሱ ቀን ሊጀምር አይገባውም።

ከዚህ በኋላ ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው ለአበዳሪው፣ ግልባጩ ለብድር መረጃው ድርጅት ይሁን፤ ቀንና የሒሳቡ ቁጥር አይቅርበት፤ የተላከበትም ማስረጃ ይቀመጥ። የውሉ ቅጂ፣ የሒሳቡ ዝርዝር፣ የማስጠንቀቂያው ግልባጭና የተላከበት አድራሻ እንዲሰጥ ይጠየቅ። ማስጠንቀቂያው ባለ ዕዳው ወደ ለቀቀው ቤት ተልኮ ሊሆን ይችላልና፣ አድራሻውን መመርመር ጠቃሚ ነው። በመጨረሻም የሚፈለገው ነገር «ይሠረዝልኝ» ወይም «ይታረምልኝ» ተብሎ በግልጽ ይነገር። «ስሜ ጠፋ፤ ተበደልሁ» እያለ አራት ገጽ ከሚሞላ ደብዳቤ ይልቅ፣ «ውሉን በዚህ ቀን አቋርጫለሁ፤ የመጨረሻውን ሒሳብ በዚህ ቀን ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ተያይዟል» የምትል አንዲት መስመር ትበልጣለች።

የብድር መረጃው ድርጅት እንዲሠረዝ ወይም እንዲታረም በሕጉ መሠረት ሲጠየቅ፣ ምን እንዳደረገ በ28 ቀን ውስጥ ማስታወቅ አለበት። አበዳሪው ደግሞ አቤቱታው በደረሰው በ8 ሳምንት ውስጥ መልስ ካልሰጠ፣ ወይም የሰጠው መልስ ባለጉዳዩን ካላረካው፣ ጉዳዩ የገንዘብ ተቋማትን አቤቱታ ወደሚሰማው የእንባ ጠባቂ መሥሪያ ቤት ይቀርባል። በዚያ አቤት ለማለት ክፍያ የለም፤ የአበዳሪው የመጨረሻ መልስ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ግን 6 ወር ማሳለፍ አይገባም። እንደ አበርዲኑ ሰው 15 ዓመት በፍርድ ቤት ከመመላለስ በፊት ይህ ቀላሉ በር ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ቃሉ ሳይሠረዝ ቢቀር፣ ሕጉ አንድ መብት ይሰጣል። ባለ ስሙ ከ200 ቃል ያልበለጠ የራሱን ማስረጃ ጽፎ በመዝገቡ ላይ ከክሱ ጎን እንዲቀመጥለት ሊጠይቅ ይችላል። ከዚያ ወዲያ መዝገቡን የሚመለከት አበዳሪ የከሳሹን ቃል ብቻ ሳይሆን የተከሳሹንም ያነባል። ይህ ጽሑፍ እውነተኛና ጨዋ መሆን ይኖርበታል፤ ስድብ ያለበት ቃል የሚጎዳው ጸሐፊውን ነውና።

በብሪታንያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ልዩ ጥንቃቄ ልጨምር። የእኛ ሰው በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ በዚያ አገር መዝገብ ግን የአባት ስም የቤተ ሰብ ስም ተደርጎ ይገባል። ስለዚህ በአንድ ቤት የሚኖሩ ወንድማማቾች በአንድ ስም ይመዘገባሉ። በላቲን ፊደልም አንዱ ስም በሁለትና በሦስት ዐይነት ሊጻፍ ይችላል፤ የልደት ዓመትም ከእኛ አቈጣጠር በትክክል ካልተመለሰ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያያል። በዚህ ምክንያት የአንዱ ዕዳ በሌላው መዝገብ ሊገባ ስለሚችል፣ ስምን ሁልጊዜ በአንድ ዐይነት መጻፍ፣ ቤት ሲለቁም አዲሱን አድራሻ ለአበዳሪዎች ማስታወቅ ብዙ ችግር ያድናል።

ነገር ግን እውነቱን መሸሸግ አይገባኝም። በእውነት ያልተከፈለ ዕዳ በትክክል ከተጻፈ፣ ክርክር አይፍቀውም። «ገንዘብ ክፈለኝና ስምህን አጠራልሃለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ባለ ስሙ ራሱ ያለ ክፍያ ሊያደርገው ከሚችለው በላይ የሚያደርገው ነገር የለም። በክርክር ላይ ያለ ሰውም በንዴት ሌሎቹን ዕዳዎቹን መክፈል ቢተው፣ አንዱን የሐሰት ቃል ለማስፋቅ ሲል ሁለት እውነተኞች ያስጽፋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማእከል አለው፤ ባንኮችም ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት ስለ አመልካቹ መረጃ ከዚያ ይጠይቃሉ። በአገራችን አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ፣ ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ሰጥቶታል። እንግዲህ ከደመወዙ እያስቈረጠ ብድሩን የፈጸመ ሠራተኛ፣ ከዕዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ሳይቀበል ከአበዳሪው ደጅ አይመለስ፤ ደብዳቤውንም እንደ ቤት ካርታው አክብሮ ያስቀምጥ።

በመጨረሻም፣ እኛ ራሳችን መዝገብ ጸሐፊዎች መሆናችንን አንርሳ። የአበርዲኑ ሰው 15 ዓመት የተጉላላው ክፉ ሰው ስላሳደደው አይደለም፤ «ውሉ ቀርቷል» ብሎ ባመለከተ ጊዜ የጻፈውን አንሥቶ የሚያጣራ አንድ ሠራተኛ ስለ ታጣ ነው። የማጣራቱ ድካም ምናልባት የአንድ ቀን ሥራ በሆነ ነበር። ነገም በየጠረጴዛችን ላይ በሰው ስም ላይ የምንጽፈው ነገር ይቀርብልናል፤ ባለ ስሙም «ይህ እውነት አይደለም» ብሎ በፊታችን ይቆም ይሆናል። ያን ጊዜ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት ማስረጃውን እንይለት።