ገንዘቡ ይቀነስ፣ ቀኑ ግን አይቀነስ

(በቢዮ አዋሌ በተደረገው የአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከማኅበሩ ሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)

 

የሒሳብ ክፍል ሰው ለንግግር ሲነሳ ሁሉም ቦርሳውን ጠበቅ ያደርጋል። አይዟችሁ፣ ዛሬ መዋጮ ልንጠይቅ አልተነሳንም። የዛሬው ስብሰባ ሁለት ጉዳዮችን ይወስናል። አንደኛው በበጋው ወራት ሳምንታዊ ቁጠባቸውን ያቋረጡ አባላት ከቡድናቸው ይሰረዙ ወይስ ይቆዩ የሚለው ነው። ሁለተኛው ደጋፊዎቻችን በቁጠባ ሳጥኖቻችን ላይ ገንዘብ ይጨምሩልን የሚለው ሐሳብ ነው። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት መዝገቡን የምንይዘው እኛ የምናስበውን እንድንናገር ተፈቅዶልናል። ስለ አስተሳሰብ ለውጥ እንጀምራለን፤ ሁለቱም ጥያቄዎች የሚመጡት ከዚያው ነውና።

"አስተሳሰብሽን ቀይሪ" የሚለውን ምክር ሰምተን ጠግበናል። ሬዲዮ ይነግረናል፣ በስልክ ይላክልናል፣ ሥልጠና ሲኖርም በትልቅ ወረቀት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሲነገር ደስ ይላል። ማታ ቤት ስንገባ ግን ጀሪካኑ ባዶ ነው፣ ዱቄቱ አልቋል፣ ልጁ ደብተር ይላል። ሌሊት ተነስታ ወተቷን ወይም ማገዶዋን ይዛ ቀፊራ ገበያ ለምትወርድ ሴት "ጠንክረሽ ሥሪ" ማለት ምክር አይደለም፣ ስድብ ነው። ጥንካሬ መቼ ጎደላትና!

ይሁንና አስተሳሰብ ምንም አይሠራም ማለታችን አይደለም። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በምዕራብ ሐረርጌ፣ ዶባ የሚባል ወረዳ አለ። በ2010 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ወደ ዶባ መንደሮች አራት አጫጭር ፊልሞች ይዘው ሄዱ፤ ከመካከላቸው ኢትዮጵያዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ዓለማየሁ ስዩም ታፈሰ ይገኙበታል። እያንዳንዱ ፊልም 15 ደቂቃ ያህል ነው፣ ቋንቋው ኦሮምኛ ነው። በፊልሞቹ ውስጥ የሚናገሩት ከድህነት ተነስተው በራሳቸው ጥረት ኑሯቸውን ያሻሻሉ፣ እንደ ተመልካቾቹ ያሉ ሰዎች ናቸው። ለማነጻጸር እንዲረዳ ሌሎች ነዋሪዎች የመዝናኛ ፕሮግራም ብቻ እንዲያዩ ተደረገ። ለማንም ብድር አልተሰጠም፣ ለማንም በግ አልታደለም። አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ማየት ብቻ ነው።

ከስድስት ወር በኋላ ተመልሰው ሲጠይቁ ፊልሙን ያዩት ቤተሰቦች መቆጠብ ጨምረዋል፣ ለልጆቻቸው ትምህርትም የበለጠ ያወጣሉ። ለውጡ ትንሽ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን በእርሻቸው፣ በከብታቸውና በልጆቻቸው ትምህርት ላይ የሚያውሉት ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ።

ይህን ጥናት የምንወደው ስለ ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ሰውን ያነሳሳው ከሩቅ አገር የመጣ ሚሊዮነር አለመሆኑ ነው፤ የራሱን ዓይነት ጎጆ፣ የራሱን ዓይነት ማሳ፣ የራሱን ቋንቋ ነው ያየው። ሁለተኛው ደግሞ ለእኛ ሥራ ይቀርባል፤ የሐሳቡ ለውጥ መጀመሪያ የታየው በልጅ ደብተርና በጥቂት ብር ቁጠባ ነው። ትልቁ ነገር የመጣው ኋላ ነው። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ሲባል ሁላችንም ራሳችንን እንነቀንቃለን። ዶሮዋ ካልታቀፈችው ግን እንቁላሉ አይሄድም፣ ይገማል።

ሌላ ምሳሌ ከአፍሪካ እንጨምር። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ክፍል የተለመደውን ሥልጠና ወሰደ፤ ሒሳብ አያያዝ፣ ሽያጭ፣ ዕቅድ። ሌላው ክፍል ሳይነገሩ መነሳትን፣ አርቆ ማየትን፣ ሲሰናከሉ ሌላ መንገድ መፈለግን ተማረ። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት መሠረት የሁለተኛው ክፍል ትርፍ ምንም ካልተሰጠው በ30 በመቶ ያህል በለጠ። የሒሳብ አያያዝ ተማሪዎቹ ጭማሪ ግን ከአጋጣሚ ተለይቶ ሊታይ የሚችል አልነበረም።

እኛ ሒሳብ አያያዝ ተምረን ዲፕሎማ የያዝን ሰዎች ይህን ስናነብ ደስ እንዳላለን አንደብቅም። ደግመን ስናስበው ግን ትክክል ሆኖ አገኘነው። መዝገብ የሚነግረን ትናንትን ነው። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ አለቀ። ነገ ምን ላድርግ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካልተገኘ መዝገቡ ሣጥን ውስጥ ተኝቶ አቧራ ይጠጣል።

የጠየቀች ሴት ምን እንደምታገኝ ከራሳችን አባላት እናንሳ። አንዲት ወተት ሻጭ አባላችን "ብር እጄ ላይ አይቆይም" ትል ነበር። ማንበብና መጻፍ አትችልም። ስለዚህ ለሦስት ሳምንት በጭረት መዘገብን፤ ለእያንዳንዱ አሥር ብር አንድ ጭረት፣ የገባው በቀኝ፣ የወጣው በግራ። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ በግራ በኩል ካለው ጭረት ብዙውን የበላው መጓጓዣ መሆኑን ራሷ በጣቷ ቆጥራ አየች። እኛ አልነገርናትም። በሚቀጥለው ሳምንት ከጎረቤቷ ጋር ተነጋግራ መጣች፤ አንድ ቀን አንዷ የሁለቱንም ወተት ይዛ ትወርዳለች፣ በማግስቱ ሌላዋ። ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የሐረርጌ እናቶች ወተት በፈረቃ ማዋጣትን ከጥንት ያውቁታል። አዲሱ ነገር የቆጠረችው እሷ መሆኗ ነው። አሁን "ብር እጄ ላይ አይቆይም" አትልም። "ማክሰኞ የእኔ ተራ አይደለም፣ ማሳ እውላለሁ" ነው የምትለው።

የአስተሳሰብ ለውጥ የምንለው ይህን ነው። የምትናገሪው ዓረፍተ ነገር ይለወጣል፣ ነገር ግን የሚለወጠው እጅሽ አንድ ነገር ከሠራ በኋላ ነው።

"የተረፈኝን እቆጥባለሁ" የሚለውም እንዲሁ ነው። የሚተርፍ ብር በዚህ ምድር የለም፤ መጀመሪያ ይቀመጣል፣ በቀረው ይኖራል። በሳምንት 20 ብር የምታስቀምጥ ሴት በዓመት 1,040 ብር አላት። 20 አባላት ያሉት ቡድን 20,800 ብር ይይዛል። በሌላ በኩል በወር ከመቶ አሥር ብር ወለድ ከአራጣ አበዳሪ የወሰደች ሴት፣ 1,000 ብሩን ዓመት ሙሉ ከያዘችው ለወለድ ብቻ 1,200 ብር ትከፍላለች፤ ዋናው ዕዳ እንዳለ ነው። ይህንን ስሌት በጭረት አስቀምጠን ስናሳይ ቤቱ ጸጥ ይላል።

"ባለቤቴን ሳላስፈቅድ አልችልም" የሚሉም አሉ። ከባለቤት ጋር መመካከር ጥሩ ነው፤ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው፣ ግን ለሁለቱም ወገን። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ ንብረትን ባልና ሚስት በጋራ ያስተዳድራሉ ይላል። በጋራ ማለት እሱም ይጠይቃል ማለት ነው።

አሁን ወደ በጋው እንምጣ። ዝናብ ሲቀር ሳር ይጠፋል፣ ወተት ይደርቃል፣ ቀፊራ የሚወርድ ነገር አይኖርም። በዚያን ጊዜ 20 ብር ማምጣት ያልቻለች ሴት በመጀመሪያው ሳምንት ታፍራለች፣ በሁለተኛው ትቀራለች፣ በሦስተኛው "ሰነፈች" ተብላ ይወራባታል። ደንባችን አራት ጊዜ የቀረች ትሰረዝ ይላል። ይህ ደንብ ይሻሻል የሚል ነው የእኛ ሐሳብ፤ በበጋው ወራት የሚቆጠበው ገንዘብ ይቀነስ፣ የመሰብሰቢያው ቀን ግን አይቀነስ። 5 ብር ያላት 5 ብር ታምጣ። 1 ብር ያላት 1 ብር ታምጣ። ምንም የሌላት ባዶ እጇን መጥታ ትቀመጥ፣ ስሟ ሲጠራ "አለሁ" ትበል፣ ይጻፍላት።

"ማኅበሩ ይከስራል" ለሚሉን በቁጥር እንመልስ። አንድ ቡድን ለ12 የበጋ ሳምንታት ሁሉም አባላቱ ከ20 ወደ 5 ብር ቢወርዱ የሚቀንሰው 3,600 ብር ነው። አራት አባላት ቢሰረዙ ግን በዓመት 4,160 ብር ይቀራል፣ እሱም በየዓመቱ። ደግሞስ የተሰረዘችው ሴት ወዴት ትሄዳለች? ወደዚያው በወር ከመቶ አሥር ወደሚያስከፍለው ሰው ነው። "የሚችሉትም 5 ብር ብቻ ያመጣሉ" የሚል ስጋትም ሰምተናል። ትርፍ የሚከፋፈለው በቁጠባ መጠን ስለሆነ የቀነሰች ድርሻዋ ይቀንሳል፤ መቻል አለመቻሏን እሷው ትወስን።

በብድር ኮሚቴው ውስጥ ስንቀመጥ የምናየውን እንንገራችሁ። አዝመራ ተሸጦ 100 ብር ያመጣችዋ ሴት ስለ አዝመራው ትነግረናለች። በደረቅ ወር አንድ ብር ይዛ በእግሯ የመጣችዋ ግን ስለ ራሷ ነው የምትነግረን። የትኛዋ ብድር እንደምትመልስ ለመገመት ዲፕሎማ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ጉዳይ የደጋፊዎቻችን ነው። እናመሰግናለን፤ ግን እባካችሁ ሳጥኑ ውስጥ ገንዘብ አትጨምሩልን። እንግዳ ነገር መስሎ እንደሚሰማ እናውቃለን፣ ሒሳብ ክፍል ገንዘብ አልፈልግም ሲል የት ተሰምቶ! ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። የራሷ 20 ብር ያለበትን ብድር የወሰደችን ሴት ሌሎቹ ቤቷ ድረስ ሄደው "እንዴት ነሽ፣ ምን ገጠመሽ?" ይሏታል። ከውጭ የመጣ ብር ሲሆን ማንም አይሄድም፤ የማንም አይደለምና። በ2002 እ.ኤ.አ. በአዳማ የመጀመሪያዎቹ አምስት የራስ አገዝ ቡድኖች ከሕንድ በተገኘ ልምድ ሲመሠረቱ በራሳቸው ሳንቲም ነው የጀመሩት። እንቁብንና አፎቻን ያቆመውም የውጭ ገንዘብ አይደለም።

ብድር ብቻውን ተአምር እንደማይሠራም ይታወቅልን። በ2015 እ.ኤ.አ. አብረው የታተሙ ስድስት ጥናቶች፣ አንዱ የኢትዮጵያ ነው፣ አነስተኛ ብድር መጠነኛ ጥቅም እንዳለው፣ ኑሮን ከሥሩ እንደማይለውጥ አሳይተዋል። ስለዚህ ሳጥኑ ላይ የሚጨመር ብር ካለ ሴቶቻችን በየሳምንቱ በኦሮምኛና በሶማልኛ ማንበብና መጻፍ ለሚማሩበት ክፍል ይዋል። ለአስተባባሪዋ የትራንስፖርት አበል፣ ለመዝገብና ለሦስት ቁልፍ ሳጥን ይዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለውሃ። ቢዮ በሶማልኛ ውሃ ማለት ነው፤ ስሙን ይዘን ጀሪካን ተሸክመን እንሄዳለን። አስተሳሰብ የቱንም ያህል ቢለወጥ ጉድጓድ አይቆፍርም፣ በቀን ሁለት ሰዓት ውሃ ፍለጋ የምትሄድ ሴትም ሁለቱን ሰዓት ከየትም አታመጣም። እዚህ ላይ የእናንተ እጅ ያስፈልገናል፤ ሴቶቹ በራሳቸው የማይወጡት ይህንን ነውና።

በመጨረሻ ስለ አዲሱ መዝገብ። ከሎሜው ነገር ተምረን በገቢና በወጪ ዓምዶች አጠገብ አንድ ዓምድ ጨምረናል፤ "እስከሚቀጥለው ሳምንት ምን አደርጋለሁ" ይላል። ትልቅ ነገር አይጻፍበት። "ሱቅ እከፍታለሁ" አይባል፤ "ሐሙስ የሱቅ ኪራይ ስንት እንደሆነ እጠይቃለሁ" ይባል። በሚቀጥለው ሳምንት ይነበባል። ያልተደረገ ካለ ማንም አይወቅስም፣ ምን እንዳገደ ይጠየቃል፣ በአዲስ መንገድ ደግሞ ይጻፋል። መጻፍ ለማትችል እኛ እንጽፋለን፣ ወይም ሴት ልጇ ትጻፍላት፤ አንዳንዶቹ ልጆች ከእኛ የተሻለ የእጅ ጽሑፍ አላቸው።

መዝገቡ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የበጋውን ደንብ በተመለከተ ድምፅ የሚሰጠው በቡድን ተራ ነው፤ መፈረም ለማትችሉ የጣት ማቅለሚያው ተዘጋጅቷል። በበጋው የቀሩ አባላትን ቤታቸው ሄዳችሁ የጠራችሁ እህቶች ከእነሱ ጋር አብራችሁ ቅድሚያ ግቡ። ከኋላ ቆማችሁ እናያችኋለን፤ ወደፊት ኑ፣ ወንበር አለ።