ይደር የተባለ ደመወዝ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን ከቤዝቦል ይነሣና ስማዳ ይወርዳል። ፈገግ ያላችሁ አላችሁ፤ እኛም ርእሱን ስንመርጥ ስቀናል። ቤዝቦል አሜሪካኖች በዱላ ኳስ የሚመቱበት ጨዋታ ነው፤ ለእኛ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ልጆች ከገና ጨዋታ ጋር የሚያመሳስለው ዱላው ብቻ ነው። በገና ጨዋታ ቁርጭምጭሚት ይመታል እንጂ ደመወዝ የለም። እኛን የሳበን የደመወዙ አከፋፈል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦቢ ቦኒያ የሚባል ተጫዋች ነበረ። ኒው ዮርክ ሜትስ የተባለው ክለብ እ.ኤ.አ. በ2000 ሊያሰናብተው ሲፈልግ፣ በውሉ መሠረት ገና ያልከፈለው 5.9 ሚሊዮን ዶላር ነበረበት። ገንዘቡን ያን ጊዜ ቈጥሮ በመስጠት ፈንታ «ይደር» አለው። ቦኒያም እሺ አለ፤ ግን በነጻ አልነበረም፤ በዓመት 8 ከመቶ ወለድ እንዲታሰብለት ተዋዋለ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2035 በየዓመቱ ጁላይ 1 ቀን፣ በእኛ ሰኔ 24 ቀን መሆኑ ነው፣ 1,193,248 ዶላር እንዲከፈለው ሆነ። ሁሉ ሲደመር ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋል። ብዙ ሰው በክለቡ ይስቃል። የክለቡ ባለቤቶች ገንዘባቸውን በርናርድ ማዶፍ ዘንድ አኑረው ከ8 ከመቶ የበለጠ ትርፍ ይጠብቁ ነበርና፣ ማዶፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ማጭበርበሩ ሲገለጥ የሆነውን እናንተው ገምቱት።

እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻም ጃፓናዊው ሾሄይ ኦታኒ ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር ለ10 ዓመት በ700 ሚሊዮን ዶላር ሲዋዋል፣ ከዚህ ውስጥ 680 ሚሊዮኑ እ.ኤ.አ. ከ2034 እስከ 2043 ያለ ወለድ እንዲከፈለው ተስማማ። ከማስታወቂያ የሚያገኘው ብዙ ስለ ሆነ መጠበቁ ጎኑን አይነካውም። ሆኖም ሊጉ ሒሳቡን ሲይዝ፣ ያ ሁሉ ገንዘብ ዛሬ ቢከፈል ስንት ያህል ነበር ብሎ አስልቶ፣ በዓመት 46 ሚሊዮን ገደማ አድርጎ ያዘው እንጂ 70 ሚሊዮን አላለም። ክለቦቹም ላቆዩት ደመወዝ መክፈያው ቀን ከመድረሱ ከብዙ ዓመት በፊት ገንዘቡን ለብቻው እንዲያስቀምጡ ከተጫዋቾቹ ማኅበር ጋር ያደረጉት ስምምነት ያስገድዳቸዋል። እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ ያልተከፈለ ደመወዝ ሠራተኛው ለአሠሪው ያበደረው ገንዘብ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንግባ። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጉና በኩል ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄደውን መንገድ የምታውቁ፣ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ እንዴት ተቈርጦ እንደሚወርድ አይታችኋል። በ1997 ዓ.ም. የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሲጀመር ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ከገቡት ወረዳዎች መካከል ነበሩ። ባላገሩ እርከን ይሠራል፣ ጉድጓድ ይቈፍራል፣ መንገድ ያወጣል፤ በጊዜው ለአንድ ቀን ሥራ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ይታሰብለት ነበር፤ ሥራውም ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ነበር። በ2000 ዓ.ም. ቀኑ 8 ብር ገባ፤ የእህል ዋጋ ግን ቀድሞ ስለ ሸሸ ስምንቱ ብር 3 ኪሎ መግዛት አቃተው።

ክፍያው በወሩ አለመድረሱ በፕሮግራሙ የግምገማ ጽሑፎች ደጋግሞ የተጻፈ ነገር ነው። የሥራ ቀን መቈጣጠሪያው ከቀበሌ ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ ፔሮል ይሠራል፤ ስም ይሳሳታል፤ ይመለሳል፤ ገንዘብ እስኪለቀቅ ይጠበቃል። የጥር ሥራ በግንቦት ሲከፈል ማንንም የማያስደንቅበት ጊዜ ነበር።

እስቲ በመጀመሪያው ተመን እናስላው። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት በወር 25 ቀን ሠርቶ 150 ብር ይደርሰዋል። ክፍያው አራት ወር ቢዘገይስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የገንዘብ ዕዳውን በጊዜው ያልከፈለ ሰው ሕጋዊ ወለድ እንዲከፍል በአንቀጽ 1803 ያዛል፤ መጠኑም በአንቀጽ 1751 በዓመት 9 ከመቶ ነው። ከቦኒያ በአንድ ከመቶ ይበልጣል! ነገር ግን የ150 ብር የአራት ወር ወለድ 4 ብር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነው። ያች እናት በእነዚያ አራት ወራት ልጆቿን ለማብላት ያንኑ 150 ብር ካራጣ አበዳሪ ብትወስድና በወር 10 ከመቶ ብትጠየቅ፣ የምትከፍለው ወለድ 60 ብር ይሆናል። ባትበደር በጋ ሙሉ የጠበቀቻትን በግ ትሸጣለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ስለሚሸጥ በግ ይረክሳል፣ እህል ይወደዳል። ወይም ልጇ ትምህርቱን ትቶ ለሰሊጥ አረም ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ ይወርዳል። ኦታኒ አሠሪውን ያበደረው ከተረፈው ነው፤ እሷ የምታበድረው ራሷ ተበድራ ነው።

ይህን ረቂቅ ያየ አንድ ጓደኛችን «ሴፍቲኔት እርዳታ ነው እንጂ ደመወዝ አይደለም፤ በስጦታ ላይ ወለድ አይጠየቅም» አለን። ተከራከርን። አቅም ለሌላቸው ሽማግሎችና በሽተኞች ሳይሠሩ የሚሰጥ ቀጥታ ድጋፍ የሚባል ለብቻው አለ። ድንጋይ የተሸከመውና ስሙ በየቀኑ የተጠራው ሌላ ነው። ቀኑ ተቈጥሮ የሚከፈለውን ደመወዝ ካላልነው ምን እንለዋለን?

በሌላው ሥራ «ይደር» ዋጋ አለው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቊጥር 1156 ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ሒሳቡ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲከፈለው ያዝዛል፤ አሠሪው ቢያዘገይ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊያስጨምርበት ይችላል። የዓለም እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደንብም ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሁለት ወር ደመወዙ ያልተከፈለው ተጫዋች፣ የ15 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን እንዲያፈርስ ይፈቅድለታል። በአገራችን ፕሪሚየር ሊግ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተጫዋች ደመወዝ ከወር 50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲወሰን በየሻይ ቤቱ የሰማነው ክርክር ትዝ ይላችኋል። ስለ እርከን ሠራተኛው ያን ያህል ሲከራከር የሰማነው ሰው የለም፤ እኛም ጭምር ዝም ብለን ነበር።

ከእኛ መካከል ብዙዎች ነገ በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት እንቀመጣለን። የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በእንዲህ ያለው ሥራ ሁሉ በክፍያው መዝገብ ላይ ሥራው ያለቀበት ቀንና ገንዘቡ በእጅ የገባበት ቀን ጎን ለጎን ይጻፍ፤ የሥራው ገንዘብም ዶማው ከመነሣቱ በፊት ለብቻው ይቀመጥ። ቤዝቦል ክለብ ለባለ ሚሊዮኑ ያደረገውን ወረዳ ለባለ መቶ ሃምሳው ሊያደርገው ይችላል ብለን እናምናለን።

ያልተስማማንበት አንድ ጥያቄ ቀርቶናል፤ ሕግ ለሚያስተምሩን መምህራን እንተወዋለን። ያች እናት የጻፈችው ውል የላትም፤ ያላት በፔሮሉ ላይ ያለው ስሟ ብቻ ነው። በዚያ ስም ብቻ አንቀጽ 1803ን ይዛ ፍርድ ቤት ብትቀርብ ትሰማለች ወይ?